ነጥቧ ታውቃለች፤ ካርታው ግን የለም

ሲም ካርዴ ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። አገሩ አዲስ ነው፣ መኪናው የውሰት ነው፣ መሪው ደግሞ በለመድኩት በኩል አይደለም። ከመነሳቴ በፊት በቤቱ ዋይፋይ መድረሻዬን ፈልጌ መንገዱን ስልኬ ላይ አውጥቼዋለሁ። ሰማያዊው መስመር ከበር እስከ በር ተዘርግቷል። እሱን እያየሁ ወጣሁ። ከተማውን እስከሚዞረው ሰፊ መንገድ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር።

እዚያ ላይ አንድ ረጅም የጭነት መኪና ከጎኔ ተለጥፎ አላሳልፍ አለኝ። ፍሬቻ አበራሁ፣ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፤ እሱም እንደኔው። መውጫዬ ከጎማዎቹ ጀርባ እያየሁት አለፈ። ስልኩ ወዲያው ሌላ መንገድ ሊፈልግልኝ ተነሳ። ክቧ ምልክት ዞረች፣ ዞረች፣ በመጨረሻ ኢንተርኔት የለም ብላ ተወችው። ሰማያዊው መስመር ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ካርታውም አለቀ። ስልኩ የያዘው ቁራጭ የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ደርሼ ኖሮ ስክሪኑ ግራጫ ሜዳ ሆነ።

በግራጫው ሜዳ ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች።

እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። ነጥቧ አልቆመችም። መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሷም ታጠፈች። ከፊቴ ያሉት መኪኖች ተጠጋግተው ሲቆሙ አብራኝ ቆመች። ስነሳ ተነሳች። መንገድ በሌለበት፣ ስም በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ አንድም ሳትስት ትከተለኛለች። እሷ የት እንዳለሁ እርግጠኛ ናት። እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ አላውቅም። ላገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ለሆነ ሰው፣ ይህን ያህል የምታውቅ ነገር አጠገቡ ኖራ ምንም ልትነግረው አለመቻሏ ያናድዳል።

ወዲያው መንገዱ ለሦስት ተከፈለ። ሦስት ሰሌዳ፣ ሦስት ሰምቼው የማላውቀው የቦታ ስም። መሐለኛውን የያዝኩት አምኜበት አይደለም፤ እዚያው ረድፍ ላይ ስለነበርኩ ነው። እንደምንም ነዳጅ ማደያ አግኝቼ ገባሁ፣ ዋይፋይ ለመንኩ፣ መንገዴን አገኘሁ። ማታ ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀች። እሷ አገሩን ከለመደችው ቆይታለች። "አንቺ፣ በስልክ ምን አንከራተተሽ? አንድ ጂፒኤስ ግዢና ተገላገዪ" አለችኝ።

እሺ ብዬ ልገዛ ተነሳሁ። የነጥቧ ነገር ግን አላስቀምጠኝ አለ። ስልኬ በዚያ ሰዓት ከማንም ጋር እየተነጋገረ አልነበረም። ታዲያ ማን ነገራት?

## ከላይ የሚመጣው ሰዓት ነው

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ስለ መንገድ የሚያውቁት ነገር የለም። ከምድር ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በቀን ሁለት ጊዜ ይዞሩናል። እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት ይዘዋል። የሚነግሩን በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓቱ ስንት እንደሆነና እነሱ ራሳቸው የት እንዳሉ። በቃ። ስልካችንም ሆነ መኪና ውስጥ ያለው መሣሪያ ይሰማል እንጂ ወደ ላይ የሚልከው ነገር የለም። ለዚህ ነው ሲምም ዳታም የማይጠይቀው።

ምልክቱ ከዚያ ከፍታ እኛ ጋ ለመድረስ ከሰከንድ አንድ አስረኛ እንኳ አይፈጅበትም። መሣሪያው ያቺን መዘግየት ይለካና ወደ ርቀት ይቀይራታል። ቦታውን ለማግኘት የሦስት ሳተላይት ርቀት ይበቃው ነበር። ግን የሱ ሰዓት ርካሽ ነው። የራሱን ሰዓት ስህተት ለማወቅ አራተኛ ሳተላይት መስማት አለበት። ሰዓት እንዲህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም የአንስታይን ትምህርት እዚህ ውስጥ አለበት። እዚያ ከፍታ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚዞር ሰዓት ከምድሩ ሰዓት በቀን በ38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ይህ ቀድሞ ባይታሰብበት ኖሮ የቦታው ስህተት በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየጨመረ ይሄድ ነበር። እኔ በዚያ ቀለበት መንገድ ላይ ስሳደብባት የነበረችው ነጥብ ይህን ሁሉ ሒሳብ ሠርታ ነው የመጣችው።

የመንገዱ ስም፣ ባለአንድ አቅጣጫ መሆኑ፣ የፍጥነት ወሰኑ፣ መታጠፍ መከልከሉ ግን ከሰማይ አይመጣም። እሱን ሰው ነው የሠራው። ካሜራ የተጫነባቸው መኪኖች መንገድ ለመንገድ ዞረው፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃ ተወስዶ፣ ወይም ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች እየሠሩት እንዳለው እንደ ኦፕንስትሪትማፕ በመሰለ ካርታ ተሰብስቦ ነው። የሰው ሥራ ደግሞ ይሳሳታል። በዲሴምበር 2012 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ስለ አፕል ካርታ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ካርታው ሚልዱራ የምትባለውን ከተማ ከቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ አርቆ፣ ውኃ በሌለበት ብሔራዊ ፓርክ መሐል አስቀምጧታል። አምነውት የነዱ ሰዎች እዚያ ቀርተው ፖሊስ ነው ያወጣቸው። ሳተላይቶቹ ምንም አላጠፉም። ሰዎቹን በትክክል ወደተሳሳተው ቦታ አድርሰዋቸዋል።

ይህ ከገባኝ በኋላ የሻጮቹ ወሬ ሌላ ሆነብኝ። "ይሄኛው ብዙ ሳተላይት ይይዛል" ይሉሃል። እውነት ነው፣ ከአሜሪካው ጂፒኤስ ሌላ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ አሉ። ረጃጅም ሕንጻ በበዛበት ከተማ ሁሉንም የሚሰማ መሣሪያ የተሻለ ነው። ግን አሁን የሚወጣ አብዛኛው ስልክም ይሰማቸዋል። ድሮ ነው ሰማዩ ችግር የነበረው። አሜሪካ እስከ ሜይ 2000 እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ ለተራው ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ታደበዝዘው ስለነበር ስህተቱ 100 ሜትር ሊደርስ ይችል ነበር። 100 ሜትር ማለት አጠገብ ያለው መንገድ ላይ ነህ እንደማለት ነው። አሁን ገላጣ ቦታ ላይ ተራ ስልክ በ5 ሜትር ገደማ ውስጥ ያገኘናል። ስለዚህ ገንዘብ ከፍለን የምንመርጠው ሳተላይቱን አይደለም። ካርታውን ነው፣ ካርታው የት እንደተቀመጠ ነው፣ ደግሞም የሚናገርበትን ሰዓት ነው።

## ስልክ ወይስ ለብቻው ጂፒኤስ

ጓደኛዬ ለብቻው የሚሸጠውን ጂፒኤስ አጥብቃ ነው የምትከራከርለት። ከመኪናዋ መስታወት ላይ ተለጥፎ ዓመታት ቆይቷል። ክርክሯ ተራ አይደለም። የአገሩ ካርታ በሙሉ እሱ ውስጥ ነው፤ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። ስልክ ሲደወል መንገዱ አይሸፈንም። ፀሐይ ላይ ሲሰነብት እንደ ስልክ ግሎ አይዘጋም፤ ለዚያ ተብሎ ነው የተሠራው። ስክሪኑም ለነጂ ዓይን ነው፤ ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው።

የኔ ቅሬታ ከካርታው ዕድሜ ይጀምራል። መሣሪያው የሚያውቀው ካርታው የተጫነበትን ቀን አገር ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራ ድልድይ፣ የተዘጋ መንገድ፣ ባለአንድ አቅጣጫ የሆነ ጎዳና ለሱ የለም። ማሻሻያው ይወርዳል፣ ግን ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ሰው "ቅዳሜ አደርገዋለሁ" ብሎ ይተወዋል። ማሻሻያው ዕድሜ ልክ ነጻ ነው የተባለ እንደሆነም የማን ዕድሜ እንደሆነ ጠይቁ። አምራቹ ያንን ሞዴል መደገፍ ሲያቆም ነገሩ ያበቃል።

አሮጌ ዕቃ ለመግዛት ላሰበ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የቆየው የጂፒኤስ ምልክት ሳምንት የሚቆጥረው 1,024 እስኪሞላ ብቻ ነው። ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። የመጨረሻው መዞሪያ ኤፕሪል 6 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ነበር። ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ከዚያ በኋላ ቀኑ ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመለሰባቸው። ሻጩ ፊት አስነስታችሁ ቀኑን እዩ። ቀኑ ከተሳሳተ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

ከአገር ይዤው ልሂድ የሚል ሰውም አለ። የአንዱ ክፍለ ዓለም መሣሪያ የሌላውን ካርታ ላይዝ ይችላል፤ ለብቻው ይገዛል። ካርታው ኖረ እንበል፣ ባሕር ተሻግሮ መጀመሪያ ሲበራ መሣሪያው ግራ ይገባዋል። ከላዩ የትኞቹ ሳተላይቶች እንዳሉ አያውቅም። ሙሉ የሳተላይት ማውጫውን ከሰማይ ለመስማት 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ምልክቱ ቀርፋፋ ነው፣ በሰከንድ 50 ቢት ብቻ። ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ቦታውን ያገኛል። ቢሆንም ከመኪና ማቆሚያው ሳትወጡ፣ ከጣሪያ ሥር ሳይሆን ገላጣ ላይ ቆማችሁ አስነሱት። ስልክ ይህን ማውጫ በኔትወርክ ስለሚቀበል ነው ቶሎ የሚነቃው።

መኪናው ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣው ናቪጌሽንስ? አንድ ነገር ላይ ሁሉንም ይበልጣል። ዋሻ ውስጥ ሰማይ ሲጠፋ የጎማውን ዙር እየቆጠረ የት እንደደረሰ መገመት ይችላል። ዋሻ ውስጥ መንገድ የሚከፈልበት ከተማ የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ለዚያ ብሎ መኪና የሚቀይር ግን አላየሁም።

ስልክ በበኩሉ የመንገድ መጨናነቅን በሰዓቱ ያውቃል፣ ካርታው ትኩስ ነው፣ አድራሻ ለመጻፍም ይቀላል። ችግሩ እኔን ያገኘኝ ነው። መፍትሔው ደግሞ ከመነሳት በፊት የአካባቢውን ወይም የአገሩን ካርታ ማውረድ ነው። ጉግል ማፕስ የመረጣችሁትን አካባቢ ያወርዳል። ሂር ዊጎ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ እና ኦስምአንድ የሚባሉት የካርታ አፖች አንድ አገር በሙሉ ማስቀመጥ ይችላሉ። ኢንተርኔት ሲጠፋ መጨናነቁን አይነግሯችሁም፤ መንገዱን ግን እዚያው ስልኩ ላይ እንደገና ያሰሉታል። መንገድ ዳር ቆሞ ዋይፋይ መለመን ከመጣ በኋላ ግን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ነው።

ካወረዳችሁ በኋላ ፈትኑት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። በአብዛኛው ዘመናዊ ስልክ የጂፒኤሱ መስሚያ ያኔም ይሠራል። ከዚያ ሄዳችሁ የማታውቁትን አድራሻ ፈልጉ። አገኘው? መንገድ አወጣ? ጎዳናውን ሆን ብላችሁ ስታልፉት አዲስ መንገድ ሰጣችሁ? ካርታው እያለ የቤት ቁጥር ፍለጋው ኢንተርኔት ካልገባ የማይሠራ አጋጥሞኛል። ይህን ቤት ደጃፍ ላይ ማወቅና ፈጣን መንገድ ላይ ማወቅ አንድ አይደሉም።

## አፉን የሚከፍትበት ሰዓት

መደብር ውስጥ መሣሪያ ሲያሳዩን የሚያሳዩን ስክሪን ነው። እየነዳን ግን የምንኖረው በጆሮ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል። "ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ" ሲለኝ ያለኝ ጊዜ ሰባት ሰከንድ ነው። አራት ረድፍ ባለው መንገድ የመጨረሻው ግራ ላይ ሆኜ ሰባት ሰከንድ ምን ያደርግልኛል? ያ የጭነት መኪና ጨዋ ቢሆን እንኳ አይበቃኝም ነበር።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚናገር፣ ደግሞም የትኛውን ረድፍ መያዝ እንዳለብኝ የሚያሳይ መሣሪያ እፈልጋለሁ። ከስክሪኑ አናት ላይ የረድፎቹ ቀስቶች ይደረደራሉ፤ የኔው ይደምቃል። ለአዲስ አገር ነጂ ከዚህች ረድፍ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አላየሁም። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ምስሉ ባለሦስት ገጽታ ነው፣ ሕንጻው ይታያል የሚባለው ለኔ ጌጥ ነው። ሕንጻውን በመስታወቱ አየዋለሁ።

የጎዳና ስም የሚያነብ ድምጽም ጥሩ ነው ይባላል። ድምጹ በአንድ ቋንቋ ሆኖ ስሙ በሌላ ቋንቋ ሲሆን ግን የሚወጣው ነገር የአገሩ ሰው ራሱ የማያውቀው ስም ነው። እኔ የመውጫውን ቁጥር የሚናገረውን እመርጣለሁ። ቁጥር፣ የመንገዱ ሰሌዳ ላይም ያው ቁጥር ነው። አደባባይ ላይም "በሦስተኛው መውጫ" ካለኝ ይበቃኛል፤ እቆጥራለሁ። በግራ በሚነዳበት አገር አደባባዩ የሚዞረው ለቀኝ ነጂ ከለመደው በተቃራኒ ስለሆነ፣ "ወደ ቀኝ" የሚለው ብቻውን ያሳስታል።

ከሁሉም በላይ ግን መውጫ ሲያልፈኝ ምን ይላል? አንዳንዱ ደጋግሞ "ተመለሺ፣ ተመለሺ" ይላል፤ ልብ ያርዳል። ደህናው ዝም ብሎ አዲስ መንገድ ያወጣል። የጓደኛዬ ምክርም ይኸው ነው፤ "መውጫ ካለፈሽ አለፈ። ቀጥይ። ወደ ኋላ እንዳትይ፣ እንዳትቆሚ።" የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ግን መልቀሚያ ጊዜም የለም። ለዚህ ነው መሣሪያ ስሞክር መጀመሪያ የማየው መንገዱን ቶሎ ያሰላ እንደሆነ ነው። ሆን ብዬ እስትበታለሁ። ስንት ያህል እንደሚደናገጥ አየዋለሁ።

## አገሩ ምን ይላል

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁሉም የሚሄድበትን አገር ሕግ ራሱ ያይ። ግን አንዳንዱ አገር መሣሪያው ራሱ ያስቀጣል። ፈረንሳይ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍጥነት ካሜራ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ከልክላለች፤ የሚፈቀደው የአደጋ ቀጣና ነው ብሎ ሰፋ አድርጎ መንገር ነው። ጀርመን ነጂው እየነዳ የካሜራ ማስጠንቀቂያ እንዲጠቀም አትፈቅድም። ስዊዘርላንድ ደግሞ ይዞ መገኘቱንም አትወድም። ካሊፎርኒያ መሣሪያው መስታወት ላይ የሚለጠፍበትን ጥግና የቦታውን ስፋት ሳይቀር በሕግ ወስናለች። በየትም ቢሆን ዓይን ከመንገድ እንዳይነሳ፣ የአየር ከረጢቱ ሲፈነዳም መሣሪያውን ፊታችን ላይ እንዳይወረውረው ዝቅ ብሎ ጥግ ቢይዝ ይሻላል።

አድራሻም አገር አገር አለው። ብሪታንያ የፖስታ ኮድ ከጻፉ በቂ ነው ማለት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ግን በማይል ስለሆነ መሣሪያውን አስተካክሉ። ጃፓን ውስጥ የተገጠሙ ናቪጌሽኖች የምትሄዱበትን ሆቴል ስልክ ቁጥር ስታስገቡላቸው ቦታውን ያገኙታል። ቻይና ደግሞ ካርታዎቿን በሕግ ከጂፒኤሱ ልኬት አዛብታ ስለምታሳትም፣ በዚያ ያልተስተካከለ የውጭ መሣሪያ ነጥቧን ከመንገዱ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር አርቆ ሊያስቀምጣት ይችላል። ሰማዩም ልክ፣ ካርታውም ልክ፣ ሁለቱ ግን አይገጥሙም። እዚያ የምትነዱ ከሆነ የአገሩን አፕ ተጠቀሙ።

የኔ ምርጫ በመጨረሻ ስልኩ ሆነ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ስልኬ ላይ ከሁለት የተለያዩ የካርታ ምንጮች የሚሠሩ ሁለት አፖች አሉ፤ ሁለቱም አገሩን በሙሉ አውርደዋል። ሁለት ያደረግኩት አንዱ ካርታ የማያውቀውን መንገድ ሌላው ብዙ ጊዜ ስለሚያውቀው ነው። ጠንካራ ማስቀመጫ ገዛሁ። ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ለብቻው የሚሸጠውን ግዛ እለዋለሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ቻርጀሩን ነው። ካርታ የሚያሳይ ስልክ ስክሪኑ ሳይጠፋ ስለሚውል ባትሪ ይበላል፤ ደካማ የመኪና ቻርጀር ሰክታችሁበትም እየወረደ ይሄዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ዋት እንደሚሰጥ አይታችሁ፣ ገመዱንም አንድ ትርፍ ይዛችሁ ውጡ።